ሰቅል ስንት ግራም ነው? የትኛው ሰቅል?

ጥያቄው አጠር ሲል ይሄ ነው። "ሰላም፣ ከአጎቴ ጋር ክርክር ገጥመን ነው። ሰቅል ስንት ግራም ነው? አንድ ቦታ 8.3 ይላል፣ ሌላ ቦታ 11.4 ይላል። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም እኮ! ንጉሡ አንድ ልክ ደንግጎ ከሆነ ለምን ይለያያል? ዲጂታል ሚዛን በሌለበት ዘመንስ ሻጭና ገዢ እንዴት ይተማመኑ ነበር? አጎቴ ደግሞ መክሊት ማለት ሳንቲም ነው ብሎ ሽንጡን ገትሮ ይከራከራል።"

እህቴ፣ ሁለቱም ቁጥር ልክ ነው። 8.3 የባቢሎን ነው፣ 11.4 የይሁዳ። እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። ግን ጥያቄሽ ውስጥ ያለችው "ንጉሡ ደንግጎ ከሆነ" የምትለዋ ነገር ዝም አላሰኝ አለችኝ። የእኔ እንጀራ ሚዛን ማስተካከል ነው፣ ካሊብሬሽን የምንለው። የጥንቱን ሚዛን ደግሞ በፍቅር ነው የማጠናው። ከሥራዬ አንጻር ሳየው የሚገርመኝ መለያየቱ አይደለም። ሁሉንም የሚያዝ አንድ ንጉሥ በሌለበት፣ ቋንቋቸው በማይግባባ ከተሞች መካከል፣ ሚዛኑ ይህን ያህል መቀራረቡ ነው የሚገርመኝ።

ከመሠረቱ እንነሳ። መስጴጦምያ፣ በጤግሮስና በኤፍራጥስ መካከል ያለው አገር፣ በአብዛኛው የዛሬዋ ኢራቅ። እዚያ የክብደት አቆጣጠሩ እንዲህ ነበር፦ 180 የገብስ ፍሬ አንድ ሰቅል፣ 60 ሰቅል አንድ ምናን፣ 60 ምናን አንድ መክሊት። በእኛ ስናወራው ሰቅል 8.3 ግራም ገደማ፣ ምናን ግማሽ ኪሎ ገደማ፣ መክሊት 30 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ገደማ፣ ገደማ እያልኩ የምሄደው ሰንፌ አይደለም፣ እመለስበታለሁ።

ለምን 60? ስለሚመች ነው። 60ን ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአራት፣ ለአምስት፣ ለስድስት፣ ለአሥር፣ ለአሥራ ሁለት፣ ለአሥራ አምስት ብታካፍዪው ሽራፊ አይተርፍም። ውርስ ለሚካፈሉ ሦስት ወንድማማቾች 100 ራስ ምታት ነው፣ 60 ግን ሰላም ነው። ሰዓታችን 60 ደቂቃ የሆነው ከእነዚሁ ሰዎች በወረደ አቆጣጠር ነው፣ ስለዚህ ታክሲ ስትጠብቂ የምትቆጥሪው በባቢሎን ሒሳብ ነው።

ገብሱ ደግሞ ቀልድ እንዳይመስልሽ። አንድ የገብስ ፍሬ ዛሬም ከ35 እስከ 50 ሚሊግራም ይመዝናል፣ እንደ ገብሱ ዓይነት። ስለዚህ 180 ፍሬ ከ6 ግራም እስከ 9 ግራም ይመጣል፣ የባቢሎኑ ሰቅል እዚያው መሐል ላይ ይገባል። የወርቅ ሚዛን ያለው ዘመድ ካለሽ ከቤት ገብስ ወስደሽ ሞክሪው። ይሄ ሲባል ግን ነጋዴው ብር፣ ማዕድኑን ማለቴ ነው፣ በሸጠ ቁጥር ቁጭ ብሎ ገብስ ይቆጥራል ማለት አይደለም። "ፍሬ" የትንሿ መለኪያ ስም ሆኖ ቀረ እንጂ የሚመዘነው በድንጋይ ነበር።

"ሰቅል" የሚለው ቃልም ለእኛ ባዳ አይደለም። በባቢሎን ቋንቋ በአካድኛ "ሻቃሉ" ማለት መመዘን ነው፣ መክፈል ማለትም ነው። ውል ላይ "ብሩን ይመዝናል" ብለው ሲጽፉ "ይከፍላል" ማለታቸው ነው፣ ምክንያቱም ሳንቲም ገና አልተፈጠረም። ብር የሚዞረው ተጠማዞ፣ ተቆራርጦ፣ ቁርጥራጩ እየተመዘነ ነበር። የቋንቋ ሊቃውንት ከዚሁ ሥር የዕብራይስጡን "ሼቄል"ን፣ የዓረብኛውን "ምስቃል"ን፣ የግእዛችንን "ሰቀለ"ንም ያዛምዱታል። ሚዛን ተንጠልጥሎ፣ ተሰቅሎ አይደል የሚመዝነው? እኔ ይሄን ያወቅኩ ቀን ሥራ ቦታ ያሉትን ባልደረቦቼን ሁሉ አሰልችቼ ነበር።

አሁን ወደ ንጉሡ። እውነት ነው፣ ነገሥታቱ ስለ ሚዛን ደንግገዋል። በዑር ከተማ ከ2100 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ አካባቢ የወጣው፣ በዑር ናሙ ስም የሚታወቀው ሕግ መግቢያው ላይ ንጉሡ መስፈሪያውን አንድ ዓይነት እንዳደረገ፣ የምናኑን ድንጋይ እንዳስተካከለ፣ የሰቅሉንም ድንጋይ ከምናኑ ጋር እንዳስማማ በኩራት ይናገራል። ልጁ ሹልጊ ደግሞ ድንጋዩን ራሱን ትቶልናል። ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ውስጥ አለ፣ ዲዮራይት የሚባል ጥቁር ጠንካራ ድንጋይ፣ ላዩ ላይ ግማሽ ጨረቃ ተቀርጾበታል። ጽሑፉ ሹልጊ ለጨረቃ አምላክ ለናና ብሎ ግማሽ ምናን እንዳጸና ይገልጻል። ሲመዘን 248 ግራም ነው። እጥፉ 496።

ይሄን ቁጥር ያዢልኝ። አሁን 1,300 ዓመት ገደማ ዝለዪ። የባቢሎን ንጉሥ ኤሪባ ማርዱክ፣ በ8ኛው መቶ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ፣ አንገቷን ወደ ጀርባዋ አዙራ የተኛች ዳክዬ የምትመስል ትልቅ የሚዛን ድንጋይ አሠርቷል። 30 ምናን የሚል ተጽፎባታል። ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ስትመዘን 15 ኪሎ ከጥቂት ግራም ናት። ለ30 አካፍዪው፣ ምናኑ ከ500 ግራም በትንሹ ይበልጣል። በሁለቱ ድንጋዮች መካከል መንግሥታት ወድቀዋል፣ ቋንቋ ተለውጧል፣ ዑርም ፈርሳ ተሠርታለች። ምናኑ የተንቀሳቀሰው 1 በመቶ አካባቢ ነው። እኔ አንዳንድ ሱቅ ገብቼ የማገኛቸው ሚዛኖች በሁለት ዓመት ከዚህ የባሰ ይሳሳታሉ።

እዚህ ጋ ከሙያዬ አንድ ነገር ልንገርሽ። እኛ ዘንድ "ልክ ነው" ማለት ስህተት የለውም ማለት አይደለም። ስህተት የሌለው ሚዛን የለም። "ልክ ነው" ማለት ስህተቱ ይታወቃል፣ ከሚፈቀደውም አላለፈም ማለት ነው። የጥንቱን ሰቅል አንድ ቁጥር ብቻ አድርገው የሚጽፉልሽ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ከመሬት ከወጡት ድንጋዮች "አንድ ሰቅል" የሆኑትን ብትሰበስቢ አንዱ 8.1፣ አንዱ 8.4፣ አንዱ 8.6 ይልሻል። የትኛው ነው እውነተኛው ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም። ሁሉም እውነተኛ ነበሩ፣ ለገበያው የሚበቃ ያህል።

ደግሞ እኛም ከዚያ ብዙ አልራቅንም ነበር። እስከ እ.ኤ.አ. 2019 ድረስ የዓለም ኪሎግራም ማለት ፓሪስ አጠገብ ሴቭር በሚባል ቦታ በብርጭቆ ክዳን ሥር የተቀመጠች አንዲት የፕላቲነምና የኢሪዲየም ቁራጭ ነበረች። ከ1889 ጀምሮ ሚዛን ሁሉ ዞሮ ዞሮ ከእሷ ጋር ነበር የሚመሳከረው። ቅጂዎቿ ጋር ሲያስተያዩዋት በመቶ ዓመት ውስጥ እስከ 50 ማይክሮግራም የሚደርስ ልዩነት አገኙ። እሷ ትቅለል እነሱ ይክበዱ መለየት አይቻልም፣ ምክንያቱም በትርጉሙ ኪሎግራም እሷው ናት! አሁን ነው በፕላንክ ቋሚ ቁጥር፣ በማይለወጥ የተፈጥሮ ቁጥር፣ የተተካችው። የሹልጊ ድንጋይና የሴቭሯ ቁራጭ አንድ ሐሳብ ናቸው። አንዱ ቤተ መቅደስ ተቀመጠ፣ አንዱ ቤተ ሙከራ።

ታዲያ ንጉሡ ካለ ለምን 11.4 መጣ? ንጉሡ የሚያዝዘው በግዛቱ ውስጥ ነዋ። ከግዛቱ ውጭ ያለውን ማን ያዘው? ነጋዴው። እኔ የማምነው ይሄንን ነው፣ ብቻዬንም አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ2021 በጀርመን ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ኒኮላ ኢያሎንጎና ባልደረቦቹ ከምዕራብ አውሮፓ እስከ ኢንደስ ሸለቆ የተገኙ ከ2,000 በላይ የሚዛን ድንጋዮችን ክብደት አስተያዩ። ያገኙት ነገር ይሄ ነው፦ ከመስጴጦምያ ወደ ምዕራብ በሄድሽ ቁጥር አዳዲስ መለኪያዎች ቀስ እያሉ ብቅ ይላሉ፣ ግን ከጎረቤታቸው ብዙም አይርቁም። አንዱ ነጋዴ ከሌላው እየቀዳ፣ በእያንዳንዱ ቅጂ ትንሽ ስህተት እየገባ፣ እየተገናኙ ሲገበያዩ ደግሞ መልሰው እየተቀራረቡ ሄዱ ማለት ነው። የኢንደሱ ግን ለብቻው የተወለደ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስሽን ካወጣሽ ይሄን ነገር በራስሽ ዓይን ታዪዋለሽ። አብርሃም ለሣራ መቃብር ቦታ ሲገዛ ለኤፍሮን 400 ሰቅል ብር መዘነለት፣ በነጋዴዎች ዘንድ በሚሄደው ሚዛን። ኦሪት ዘፍጥረት 23። አቤሴሎም ጠጉሩን ሲቆረጥ ደግሞ 200 ሰቅል ይመዝን ነበር፣ በንጉሥ ሚዛን። ኦሪት ዘጸአት ላይ ደግሞ የመቅደስ ሰቅል አለ። ሦስት ሚዛን! የነጋዴ፣ የንጉሥ፣ የመቅደስ። ስለዚህ ጸሐፊዎቹ ራሳቸው "ሰቅል" ብለው ዝም ማለት እንደማይበቃ ያውቁ ነበር፣ እኛ ነን የረሳነው። (በ11.4 ካሰብሽው የአቤሴሎም ጠጉር ከ2 ኪሎ በላይ ነው። የትኛው ፀጉር ቤት እንደዚያ አይቶ ያውቃል?)

አሦራውያንም ሁለት ዓይነት ምናን ነበራቸው። እንግሊዛዊው ኦስተን ሄንሪ ሌያርድ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ የአሦርን ጥንታዊ ከተማ ኒምሩድን ሲቆፍር ከቤተ መንግሥቱ የነሐስ አንበሶችን አወጣ፣ ትልቁ 20 ኪሎ ይደርሳል፣ ትንሹ መዳፍ ላይ ይቀመጣል። በአሦር ኩኒፎርም (የሽብልቅ ቅርጽ ባለው ጽሑፍ) እና በአራማይክ ተጽፎባቸዋል፣ ብዙዎቹ ላይ የስልምናሶር ስም አለ። አንዳንዱ "የንጉሥ ምናን" ይላል፣ አንዳንዱ "የምድሪቱ ምናን"። በዚያ ላይ ግማሽ ኪሎ የሚመጣው ቀላል ምናንና አንድ ኪሎ የሚመጣው ከባድ ምናን ጎን ለጎን ይሠራባቸው ነበር። ስለዚህ አሦር ውስጥ "አንድ ምናን ስጠኝ" ብለሽ ከበሩ ከወጣሽ መከራሽ ነው። የትኛውን እንደሆነ አስቀድመሽ መናገር አለብሽ።

ወደ ምዕራብ፣ ሶርያ አካባቢ፣ ደግሞ ሌላ ብልሃት ነበር። እዚያ ምናኑ 470 ግራም ገደማ ነው፣ ግን እያንዳንዱ ከተማ በየራሱ ልማድ ይከፋፍለዋል። ለ60 ሲካፈል ሰቅሉ 7.8 ግራም ነው። ለ50 ሲካፈል 9.4፣ ይሄ የኡጋሪት ነው። ለ40 ሲካፈል 11.75፣ ይሄ የኬጢያውያን ነው። ገባሽ? ትልቁ መለኪያ አንድ ሆኖ ትንንሾቹ ይለያያሉ። ከሦስቱም ከተማ የመጡ ነጋዴዎች ምናን ላይ ይገናኛሉ፣ ከዚያ በታች እያንዳንዱ በራሱ ጣት ይቆጥራል። የይሁዳው 11.4 ደግሞ ወደ ግብፅ ያዘነበለ ይመስላል። የግብፆች የክብደት መለኪያ ቄዴት 9.1 ግራም ገደማ ነው፣ አራት የይሁዳ ሰቅል ከአምስት ቄዴት ጋር እኩል ይወጣል ማለት ይቻላል። ኢየሩሳሌምና አካባቢዋ የተገኙት እነዚያ ከላይ ክብ ከታች ዝርግ የሆኑ ትንንሽ የኖራ ድንጋዮች ከ586 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በፊት በነበረው መቶና ሁለት መቶ ዓመት ሥራ ላይ ነበሩ።

ይሄ እኛ አገርም አዲስ ነገር አይደለም። ወቄት 28 ግራም የሆነው የትኛው ንጉሣችን ስለደነገገው ይመስልሻል? የማርያ ቴሬዛ ብር ክብደት ነው። 1780 ተብሎ የተጻፈበት የኦስትሪያ ሳንቲም በየገበያችን ወርቅ መመዘኛ ሆነ፣ ነጋዴው ስለተማመነበት ብቻ።

የምወደው ታሪክ ግን የመዳቡ ነው። በዑር፣ ከ1800 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ አካባቢ፣ በላርሳው ንጉሥ በሪም ሲን ዘመን፣ ነጋዴዎች በባሕር ወደ ዲልሙን እየሄዱ መዳብ ያመጡ ነበር። ዲልሙን የዛሬዋ ባሕሬን ናት። አንዲት የሸክላ ጽላት ላይ የአንድ ጭነት ሒሳብ ተጽፏል። በዲልሙን ሚዛን 13,100 ምናን መዳብ ተረከቡ። ያው መዳብ በዑር ሚዛን 611 መክሊት ከ6 ምናን ከሁለት ሦስተኛ ሆነ።

እስኪ እናስላው። 611 መክሊት በ60 ሲባዛ 36,660 ምናን ነው። 6 ከሁለት ሦስተኛውን ጨምሪ፣ 36,666 ከሁለት ሦስተኛ። ለ13,100 አካፍዪ። 2.8 ይመጣል። ስለዚህ አንድ የዲልሙን ምናን 2.8 የዑር ምናን ነው፣ 1.4 ኪሎ ገደማ። ጭነቱ በጠቅላላ ወደ 18 ቶን መዳብ ይደርሳል፣ በዚያ ዘመን፣ በመርከብ!

አሁን ወደ ምሥራቅ እንሂድ፣ ወደ ኢንደስ ሸለቆ፣ የሞሄንጆ ዳሮና የሃራፓ አገር፣ የዛሬዋ ፓኪስታንና ሕንድ። እዚያ ሚዛኑ ቸርት ከሚባል ጠንካራ ድንጋይ የተቆረጠ ልስልስ ኩብ ነው፣ ጽሑፍ የለበትም፣ እንደ ሉዶ መጫወቻ ዳይስ ጠርዙ የተስተካከለ። ትንንሾቹ በእጥፍ ይሄዳሉ፦ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32፣ 64። ከዚያ በላይ ወደ አሥር ቤት ይዞራሉ። ከሁሉም በብዛት የሚገኘው የትንሿ 16 እጥፍ የሆነው ነው፣ 13.7 ግራም ገደማ። በመቶ አባዢው። 1.37 ኪሎ!

የዲልሙን ምናን ማለት የኢንደስ ሚዛን ነው። ባሕሬን ላይ ቃልዓት አል ባሕሬን በሚባለው ቦታ ሲቆፈር የኢንደስ ኩቦች ራሳቸው ወጥተዋል። ስለዚህ ባሕሬን መሐል ላይ ሆና ከምሥራቁ ጋር በምሥራቁ ድንጋይ ትገበያያለች፣ የዑር ጸሐፊ ደግሞ ቤቱ ቁጭ ብሎ ወደራሱ ሚዛን ይለውጣል፣ ሽራፊዋን ሳይቀር። የኢንደስን ጽሑፍ እስከዛሬ ማንም ማንበብ አልቻለም። ኪሏቸውን ግን እናውቀዋለን። ይሄ ለእኔ ከማንኛውም ሐውልት ይበልጥብኛል።

እዚሁ ዑር ውስጥ ኤአ ናጺር የሚባል የመዳብ ነጋዴ ነበር፣ ኢንተርኔት ላይ የሚቀለድበት። ናኒ የሚባል ደንበኛው የጻፈለት የቅሬታ ጽላት ብሪቲሽ ሙዚየም አለ። ልብ በዪ፣ ናኒ የተቆጣው ሚዛን ጎደለ ብሎ አይደለም፣ የማይረባ መዳብ ሰጠኸኝ ብሎ ነው። ሚዛን ጥራት አይመዝንም፣ ያኔም አልመዘነም።

እንዴት ይተማመኑ ነበር ላልሽው። አይተማመኑም ነበር፣ መልሱ እሱ ነው! ስለማይተማመኑ እያንዳንዱ ነጋዴ የራሱን ድንጋዮች በከረጢት ይዞ ይዞራል። በ1300 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ አካባቢ ከቱርክ ጠረፍ የሰጠመችው የኡሉቡሩን መርከብ 10 ቶን መዳብና አንድ ቶን ቆርቆሮ (የጣራው ሳይሆን ማዕድኑ) ጭና ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1994 በጠላቂዎች ስትቆፈር 149 የሚዛን ድንጋይ ወጣባት። አንድ መርከብ፣ 149! የአንድ ሰው አይደለም፣ የብዙ ነጋዴዎች ነው፣ አብዛኛው በ9.4 ግራሙ ሰቅል የሚሄድ። አንዳንዶቹ የላም፣ የአንበሳ፣ የዳክዬ ቅርጽ ያላቸው፣ ውጫቸው ነሐስ ውስጣቸው እርሳስ ናቸው።

ሻጭ በራሱ ድንጋይ ይመዝናል፣ ገዢ በራሱ ደግሞ ያረጋግጣል። ሁለቱ ከተቀራረቡ ውል ይታሰራል። ካልተቀራረቡ ጭቅጭቅ ይነሳል። በካኔሽ፣ በዛሬዋ ቱርክ፣ ከአሦር የመጡ ነጋዴዎች በ19ኛው መቶ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የተዉት ከ20,000 በላይ ጽላት አለ። አህያ ላይ 130 ምናን ቆርቆሮ እየጫኑ ነበር የሚመጡት፣ 65 ኪሎ ገደማ፣ ጨርቁ ሳይቆጠር። እዚያ ደብዳቤ ውስጥ "በእኛ ድንጋይ ስንመዝነው ጎደለ" የሚል ዓይነት ሮሮ አለ። ዛሬ ጭነት ተቀብሎ "ኪሎው አልሞላም" ብሎ የሚደውል ሰው በትክክል የእነሱ የልጅ ልጅ ነው።

ማጣሪያ መንገዶቹም ቀላል ነበሩ፣ እኔም እስከዛሬ እጠቀምባቸዋለሁ። አንደኛ፣ ሁለት ሳህን ያለው ሚዛን ላይ ዕቃውንና ድንጋዩን ቦታ አቀያይሪ። ካጋደለ የሚዛኑ ክንድ እኩል አይደለም፣ ሚዛኑ ራሱ ሌባ ነው። ደግሞ የሰውየውን ድንጋዮች እርስ በርሳቸው መዝኚያቸው፣ የአንድ ሰቅሉና የሁለት ሰቅሉ አንድ ላይ ከሦስት ሰቅሉ ጋር እኩል መምጣት አለባቸው። አንዱን ብቻ የቀሸበ ሰው ወዲያው ይጋለጣል። ሁሉንም እኩል የቀሸበ ሰው ግን ከሌላ ሰው ድንጋይ ጋር ካልተያየ አይታወቅም፣ ለዚህ ነው የገዢው ከረጢት የሚያስፈልገው። ድንጋዩን ራሱን ደግሞ ሄማታይት፣ ብረት ያለበት ማዕድን፣ ያደረጉት በምክንያት ነው። ከባድ ስለሆነ ትንሽ ሆኖ ብዙ ይመዝናል፣ ጠንካራ ስለሆነ አያልቅም፣ እንደ መስታወት ስለሚለሰልስ ደግሞ ጫፉን ብትሸርፊው ያስታውቃል።

ማጭበርበር አልነበረም ማለቴ አይደለም። ሕጉ ራሱ ይመሰክራል። ሐሙራቢ ከ1792 እስከ 1750 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ነገሠ። በትንሽ ድንጋይ አበድሮ በትልቅ ድንጋይ የሚያስመልስ ነጋዴ ያበደረውን ሁሉ ያጣል ይላል ሕጉ። (ይሄ አንቀጽ ሉቭር ካለው ሐውልት ላይ ተፍቋል፣ የምናውቀው በሸክላ ላይ ከተገለበጡት ቅጂዎች ነው።) 108ኛው ደግሞ የመጠጥ ቤት ሴትዮዋን ይመለከታል። የገብስ ቢራ ሻጭ ናት፣ እንደ ጠላ ሻጮቻችን በያት። ለመጠጡ ዋጋ እህል አልቀበልም ብላ በትልቅ ድንጋይ ብር ከተቀበለች ውኃ ውስጥ ትጣል ይላል። ነጋዴው ገንዘቡን ብቻ ሲያጣ እሷ ነፍሷን! ሕግ ጽሑፉ ሚዛናዊ አይደለም፣ ያው እንደምታውቂው።

አሁን አጎትሽ። መክሊት ሳንቲም አይደለም። መክሊት ክብደት ነው፣ በባቢሎን 30 ኪሎ ገደማ። በአካድኛ ስሙ "ቢልቱ" ሲሆን ትርጉሙ ሸክም ነው፣ አንድ ሰው የሚሸከመው። የመርካቶ ወዛደር ይስቅባቸው ይሆናል፣ ኩንታል ለሚያነሳ ሰው 30 ኪሎ ምንም አይደለም። ወንጌሉ በተጻፈበት ዘመን ደግሞ በግሪኩ አቆጣጠር መክሊት 26 ኪሎ አካባቢ ሆኖ 6,000 ድራክማ ነበር፣ አንድ ድራክማ የአንድ ቀን ምንዳ ያህል ነው። ስለዚህ ማቴዎስ 25 ላይ አንዷን መክሊት መሬት ቆፍሮ የቀበረው ባሪያ ኪሱ ውስጥ የምትገባ ፍራንክ አይደለም የቀበረው። ሰንበትን ሳይሠሩ የ19 ዓመት ደሞዝ ነው የቀበረው፣ ጉድጓዱም ትንሽ አይሆንም። "መክሊቴን አገኘሁ" የምንለው ነገር ከዚህ ምሳሌ መጥቶ ነው ክብደቱ የጠፋው።

ለአጎትሽ ማካካሻ ግን አንድ ነገር ስጪው፣ እንዳይከፋው። ዳንኤል 5 ላይ በብልጣሶር ግብዣ ግድግዳው ላይ የተጻፈውን ያውቀዋል፣ ማኔ ቴቄል ፋሬስ። ሻርል ክሌርሞን ጋኖ የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1886 እነዚህ ቃላት የሚዛን ስሞች መሆናቸውን አሳየ፦ ምናን፣ ሰቅል፣ ግማሽ ምናን። ዳንኤል የፈታው ቃሎቹን ወደ ግሥ መልሶ ነው፣ ተቈጠረ፣ ተመዘነ፣ ተከፈለ። ግድግዳው ላይ የነበረው ግን ላዩን ሲታይ የነጋዴ ደረሰኝ ይመስል ነበር። ባቢሎን ውስጥ ያለ ማንኛውም ብር ሻጭ ቃሎቹን ማንበብ ይችል ነበር። የንጉሡ ጠቢባን ነበሩ የጨነቃቸው።